የማይቀመጡበት ወንበር

«ከአራቱ ይሄን ምን ለየው?» አለ አጎትየው። የወንበሩን መደገፊያ በአንድ እጁ ይዟል። የሟች እህት ደግሞ በሌላው በኩል ይዛዋለች።

«አጎቴ፣ ይሄኛው አይቀመጡበትም። ሌላ ላምጣልዎት።»

«ለምን ሲባል?»

«ቀለሙ አልደረቀም።»

አጎትየው ጣቱን በመቀመጫው ላይ አሽቶ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ አሳየ። ጣቱ ንጹሕ ነበር። ከባድ ሰው ነው፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ድረስ በእግሩ ነው የመጣው። ወንድሟን ከቀበሩ ገና ሁለተኛ ቀናቸው ሲሆን ለዕቃ መሳሳቷ እንዳስገረመው አልተናገረም። ግን አፉን ሳይከፍት ቤቱ ሁሉ ሰማው።

«ተያቸው፣ ይቀመጡበት» አለች የሟች ሚስት ከግድግዳው ሥር። «የሱ ወንበር እኮ ነው። ሰው ካልተቀመጠበት ለምን ይሆናል?»

እህትየው ወንበሩን ከአጎትየው እጅ ነጥቃ ወደ ጓዳ ይዛው ገባች፣ ከእሱ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ሌላ ወንበር ይዛ ተመለሰች። አጎትየው ሲቀመጥ ወንበሩ አልጮኸም። ከጥግ አንዲት ሴት በጎረቤቷ ጆሮ የሆነ ነገር ሹክ አለች፤ ሌላዋ ከንፈሯን መጠጠች። ያ የከንፈር መጠጣ ለሟች እንዳልሆነ እህትየው አውቃለች።

ወንበሮቹን ያመጣው ሰዓት ሠሪው ነበር። የእሱ ጠባብ ሱቅ ከሟቹ የአሮጌ ዕቃ ሱቅ ጋር ግድግዳ ለግድግዳ ነው፤ መለዋወጫ ቁልፍም ነበረው። ለለቅሶ የመጣ ሰው ቆሞ ሲያይ ማንንም ሳይጠይቅ ሰባት ወንበር በእጅ ጋሪ ጭኖ መጣ። መልካም ሥራ ነው፤ ሁሉም መረቁት። እህትየው በማግስቱ ጠዋት ስትገባ ከሰባቱ መሃል አራቱን መንትዮች አየች። እንግዳ የምታስቀምጥ አስመስላ እየዞረች እያንዳንዱን ከሥሩ በአውራ ጣቷ ነካች። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ። አጎትየው ሊቀመጥበት የጎተተው እሱን ነበር።

ወንድሟን ሰፈሩ «ዝገት» ነበር የሚለው። «ዝገት መጣ፣ ድስታችሁን ደብቁ» ይሉ ነበር፤ እሱም ይስቃል። ቤት የሚለቅ ሰው፣ የሚፈርስ ግንብ፣ የሚዘጋ ሱቅ ካለ ሽታው ይደርሰዋል። መሳቢያ ካየ ከመመልከቱ በፊት ስቦ ያሸተዋል። ሽቶ የተቀመጠበትን፣ መድኃኒት የተቀመጠበትን፣ ለዓመታት ምንም ያልተቀመጠበትን በአፍንጫው ይለያል። ዕቃውን በጀርባው ተሸክሞ ይመጣና ከእህቱ ፊት ያወርደዋል። «ሐኪም፣ በሽተኛ አምጥቼልሻለሁ» ይላታል። የቀረው የእሷ ነው። የላላውን ማጥበቅ፣ የተላጠውን መመለስ፣ ዝገቱን መፋቅ። ሲያልቅ ሁለቱም አብረው ከፊት ይደረድሩታል፤ ሁልጊዜም ይጣላሉ፣ ምክንያቱም እሱ ብዙ መደርደር ይወዳል፣ እሷ ደግሞ ጥቂት። አሥራ ዘጠኝ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

አንድ ሕግ ነበራቸው። ለዓይን እንጂ ለሰውነት የማይሆን ነገር፣ የተሰነጠቀ ወንበር ወይም የላላ መሰላል፣ እግሩ ላይ ቀይ ክር ይታሰርበታል። ክሩ ከሚስቱ የስፌት ሣጥን የወጣ ነው፤ ቀይ ልብስ የሚያሰፋ ደንበኛ ጠፍቶ አንድ ጥቅል ሙሉ ተርፏት ነበር። ክር የሌለበትን ወንበር ወንድሟ ደንበኛ ከመቀመጡ በፊት ራሱ ይቀመጥበታል። «እኔን ከቻለ ማንንም ይችላል» ይላል። ክር ያለበትን ግን ልጅም አያስነካም።

ከሰዓት በኋላ እንግዳው ሲቀንስ ሚስትየው ወደ ማድቤት ገባች። እህትየው ብርጭቆ ታጥብ ነበር። ሚስትየው ደረቁን ብርጭቆ አንስታ እንደገና ማድረቅ ጀመረች።

«ላንቺ ብቻ ነው የምነግርሽ» አለቻት። «ሰኞ ዕለት ራሴን ያዞረኛል አለኝ። ሐኪም ቤት ልሂድ እንዴ አለኝ።»

«እትዬ…»

«ሱሪ እያሳጠርኩ ነበር። ቀና ብዬ እንኳ አላየሁትም። ቁርስህን በልተህ ብትወጣ አያዞርህም አልኩት። በቃ፣ ይኸው። ሐሙስ ዕለት ያው አዞረውና ወደቀ።» ብርጭቆውን አስቀመጠችው። «የገደልኩት እኔ ነኝ።»

እህትየው እጇን በሽርጧ ጠረገች። እጇ ኪስዋ ውስጥ ገባ፣ ክሩንም አገኘው። ከሐሙስ ጀምሮ እዚያው ነው። ይኼኔ ነበር መናገር። አንድ ዓረፍተ ነገር ይበቃል። አፏ ግን የሰው ሁሉ አፍ የሚለውን አለ።

«እንዲህ አይባልም፣ እትዬ። ሞት ሰበብ አያጣም።»

ሚስትየው ትከሻዋ ላይ ተደግፋ አለቀሰች። እህትየው እንደ አጽናኝ ጀርባዋን መታ መታ አደረገች፤ በዚያ እጅዋም አፈረች።

አራቱን ወንበሮች ወንድሟ ያገኛቸው ከተዘጋ ፀጉር ቤት ነው። ጥቁር፣ ከባድ፣ መደገፊያቸው የተጠረበ። የአንዱ የኋላ ግራ እግር ከመቀመጫው ጋር የሚገናኝበት ላይ ተሰንጥቋል። ትክክለኛው ነገር እግሩን መቀየር ነበር፤ የሚመስለው እንጨት ግን ገና አልተገኘም። እስኪገኝ ድረስ ስንጥቁን በሰጋቱራና በኮላ ሞላችው፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰችው፣ አራቱንም አንድ ዓይነት ቀለም ቀባቻቸው። ሲደርቁ ወንድሟ መጥቶ አራቱን ዞሮ አያቸው፣ በሽተኛው የትኛው እንደሆነ ጠፋው። ክሩን አይቶ ነው የለየው።

«ሐኪም፣ አንቺ እኮ በሽታውን ለበሽተኛውም አትነግሪውም» አላት። ያ ቀልድ ለሳምንት ስንቅ ሆኗት ነበር።

ሐሙስ ጠዋት አራቱን በክብ ጠረጴዛ ዙሪያ ከሱቁ ፊት ደረደሯቸው። ለአንድ ጊዜ እንኳ ሳይጣሉ። እሱ ዕቃ ሊያመጣ ወደ ውስጥ ገባ። እሷ ጥቂት ራቅ ብላ ድርድሩን አየች። ሁሉ ነገር ልክ ነው፤ ክሩ ብቻ ጥሩ ልብስ ላይ እንደ ቀረ የዋጋ ወረቀት ዓይን ይወጋል። ጎንበስ ብላ ፈታችውና ኪሷ ከተተችው። ለአፍታ ነው አለች በልቧ፤ ዳር ሄጄ አይቼ እመልሰዋለሁ። መንገዱን ተሻግራ ዞረች። በእርግጥም አማረ። አራት ወንበር፣ አንድ መልክ። ዓይኗን ጠበብ አድርጋ፣ ጭንቅላቷን ወደ ጎን አዘንብላ፣ እንደ ደንበኛ ቆማ አየችው። ምናልባት ከሚገባው በላይ ቆማለች።

ወንድሟ የግድግዳ ሰዓት ታቅፎ ወጣ። ሰዓቱን ከበሩ በላይ ሊሰቅል ፈልጎ ቅርቡን ወንበር ጎተተ፣ እንደ ልማዱ የወንበሩን እግሮች አየ። ክር የለም። ወንበሩ ላይ ወጣ።

አፏን ከፍታ ነበር። ምን ልትል እንደነበር እስከ ዛሬ አታውቅም።

የደጁ ደረጃ ድንጋይ ነው። መንገዱን ተሻግራ ስትደርስ ወንድሟ በጎኑ ተኝቷል፣ ዓይኑ ተገልጧል፣ ወንበሩ በሦስት እግሩ ተደፍቷል፣ አራተኛው እግር ከመጋጠሚያው ወጥቶ ለብቻው ወድቋል። ያኔ እጇ ከአፏ ቀደመ። የወንበሩን እግር አነሳች፣ ወደ ቦታው ከተተችው፣ በመዳፏ ጠርዝ አንዴ መታችው፣ ሺህ ጊዜ እንደምታደርገው። ወንበሩን አቆመችው። የጮኸችው ከዚያ በኋላ ነው። ሰዓት ሠሪው ሮጦ ሲመጣ ያየው አንድ የወደቀ ሰውና በአራት እግሩ የቆመ ወንበር ነው። ደንግጦ «አዞረው እንዴ?» አለ። እሷም ዝም አለች። ከዚያ በኋላ ሁሉም አዞረው አለ።

በሦስተኛው ቀን ሰዓት ሠሪው ወንበሮቹን ሊመልስ ጋሪውን ደጅ አቆመ። ሰው ተበታትኗል፤ የቀሩት ዘመድና ሁለት ጎረቤቶች ናቸው። ሚስትየው «ላንቺ ብቻ» ያለችውን ነገር ከትናንት ጀምሮ ለመጣው ሁሉ ስትነግር ውላለች። አሁንም ከመጀመሪያው ጀመረችው፤ ሰኞውን፣ ሱሪውን፣ ቁርሱን። ድምፅዋ ከመደጋገም ብዛት ልሙጥ ሆኗል።

አጎትየው በረጅሙ ተነፈሰ። «ማዞር ቸል የሚባል ነገር አይደለም» አለ። ክፉ አስቦ አልነበረም። «በጊዜው ታይቶ ቢሆን ኖሮ…»

ሚስትየው አንገቷን ደፋች። ወደ ላይ የምትመልሰው አትመስልም ነበር።

እህትየው ተነስታ ጓዳ ገባች። ወንበሩን በሁለት እጇ ይዛ ተመለሰችና ሚስትየው ፊት አቆመችው። ሰው ሁሉ ሊጫን ነው ብሎ አሰበ፤ ወሬውም ቀጠለ፣ ስለ ሐኪም ቤት ወረፋ። እሷ ወለሉ ላይ ተንበረከከች። ከሽርጧ ኪስ ክሩን አወጣች። ሦስት ቀን በጣት ከመጠቅለል ብዛት ተጨማዷል። በኋላ ግራ እግሩ ላይ ሁለት ዙር አዞረችው፣ ሁለቴ ቋጠረችው፣ ተነሳች።

ሚስትየው ክሩን አየች። የራሷ ጥቅል ክር ነው፤ ለምን እንደሚታሰር ከሟቹ አፍ ስንት ጊዜ ሰምታለች። እጇን ዘርግታ ቋጠሮውን ነካች፣ ከቋጠሮው ወደ ላይ እግሩን ተከትላ መጋጠሚያው ላይ ደረሰች፣ በአውራ ጣቷ ገፋችው። እንጨቱ ቀስ ብሎ ተከፈተ፣ እንደገና ተገጠመ። እጇን አላነሳችም። ወደ እህትየውም ቀና አላለችም።

በዚህ መሃል አጎትየው ለአፍታ ተነስቶ ሳለ ወንበሩ ተጭኖ ኖሮ ዞሮ ሲያይ መቀመጫ አጣ። ጉልበቱን እያሸ ወደ እነሱ መጣ፣ መደገፊያውን ያዘ።

«እሱ አይቀመጡበትም» አለች ሚስትየው።

«ዛሬም አልደረቀም?»

መጋጠሚያውን በመዳፏ ሸፈነችው።

«አልደረቀም» አለች።

አጎትየው ትከሻውን ሰብቆ መስኮቱ ጋ ሄዶ ቆመ። ሰዓት ሠሪው ከደጅ ስንት ወንበር እንደቀረ ጠየቀ፤ አንዱ ጎረቤት አንድ አለው፤ ሌላው እሱ ይቅር አለ። ወሬው ወደ ወረፋው ተመለሰ። በሩ አጠገብ ከተደረደረው ጫማ የእህትየው ጎደለ። የት እንደሄደች የጠየቀ አልነበረም።