የሙሽራ ቅባት

መቱ ውስጥ ልጁን የሚድር ሁሉ የዲሪቤን የውበት ሳሎን ያውቃል። መናኸሪያው አጠገብ ነው፤ ሁለት ወንበር፣ አንድ ካስክ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ የሙሽሮች ፎቶ። ፀጉር ትሠራለች፤ ስሟን ያስጠራው ግን ቅባቷ ነው። ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የምትገዛውን የቆዳ ቅባት፣ አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ከሚያመጣላት ምንም ካልተጻፈበት ነጭ ቅባት ጋር ትቀላቅልና በትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ትሰጣለች። ሙሽራዋ ሦስት ሳምንት ከቤት ሳትወጣ ጠዋት ማታ ትቀባለች። በሠርጓ ቀን ስትወጣ የገዛ ጎረቤቷ አይለያትም። ውስጡ ምን እንዳለ ዲሪቤም አታውቅ፤ ጠይቃም አታውቅ።

ታናሽ እህቷ ሲፋን ለጎሬው መምህር ለሮብሳን ስትታጭ ምርጡን ቀመመችላት። እናታቸው ከሞቱ ወዲህ ያሳደገቻት እሷ ናትና ለማን ልትሰስት? ሲፋን ነጭ ሆና ተዳረች፤ ፎቶዋም ግድግዳው ላይ ተሰቀለ።

ከሠርጉ በኋላ ቅባቱን ብትተወው ፊቷ ጠቆረ፤ ያውም ጉንጯ ላይ እየተቆራረጠ፣ እሳት የነካው መስሎ። ዲሪቤ የምታውቀው መፍትሔ አንድ ነው፤ ተጨማሪ ቅባት። በየወሩ አንድ ዕቃ በጎሬ ሚኒባስ መላክ ጀመረች።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ የሲፋን ፊት ሞላ። ያገባች ሴት ፊቷ ሲሞላ በእኛ አገር ምን እንደሚባል የታወቀ ነው። "ፉርደቴ! ወፍረሻል እኮ! ትዳር ተስማማሽ!" አሏት ጎረቤቶቿ። አማቷ ልጄ ሚስቱን ያበላታል ብለው ኮሩ። ለፋሲካ መቱ ስትመጣ ዲሪቤም እያጨበጨበች ተቀበለቻት።

"እትዬ፣ እግሬ ጫማ አልገባ ብሎኛል። ሽንቴም አረፋ ያወጣል" አለቻት ሲፋን።

"እሰይ! አርግዘሽ ነዋ! ለማንም እንዳታወሪ።"

አላረገዘችም። የማይመጣ ልጅ ሲጠብቁ አራት ወር አለፈ። ከዚያ ትንፋሽ እያጠራት መቱ ሆስፒታል ገባች።

"ፊትሽን የምትቀቢው ነገር አለ?" አላት ሐኪሙ፣ ዶክተር ወንድይራድ።

ሲፋን አጠገቧ የቆመችውን እህቷን አየቻት። "ቫዝሊን ብቻ" አለች።

ዲሪቤ አላረመቻትም። ሳሎኑ ቢታሸግስ? ፎቶአቸው የተሰቀለ ሙሽሮች ቢሰሙስ? በእጇ ያሳደገቻት ልጅ አልጋ ላይ አብጣ ተኝታ፣ እሷ ስለ ሳሎኗ አሰበች። ይህን ይቅር ማለት ይከብዳል። አሥራ አንድ ቀን ዝም አለች፤ በአሥራ ሁለተኛው የቅባቱን ዕቃ በነጠላዋ ሸፍና ሐኪሙ ክፍል ገባች፤ ሁሉንም ነገረችው።

ሐኪሙ ዕቃውን ከፍቶ አየው። "ሜርኩሪ ሳይኖርበት አይቀርም። በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል" አላት።

"አሁን ካቆመች ይሻላታል፣ አይደል?"

"እግሯ ማበጥ ሲጀምር አምጥተዋት ቢሆን ይሻላት ነበር። አሁን ኩላሊቶቿ ሥራ አቁመዋል። ጅማ ወይም አዲስ አበባ ሄዳ እጥበት መጀመር አለባት፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ዕድሜ ልኳን።"

ሲፋን ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ሳሎኑ ከነወንበሩ ቢሸጥ፣ የሮብሳን ደመወዝ ቢጨመርበት፣ ዓመት እንኳ እንደማያቆያት ዲሪቤ ገባት። ወደ እህቷ ክፍል ተመለሰች።

ሲፋን ትራስ ተደግፋ በስልኳ ካሜራ ፊቷን ታያለች። ቅባት ካጣ ወዲህ ጉንጯ ጠቁሯል።

"እትዬ፣ ነገ ሮብሳን ይመጣል። በዚህ ፊት አያየኝም። ትንሽ አምጪልኝ፣ ለጉንጬ ብቻ።"

"ሲፋንዬ፣ ለዚህ ያበቃሽ ቅባቱ ነው!" ዲሪቤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ ሐኪሙ ያላትን አንድም ሳታስቀር እያለቀሰች ነገረቻት።

ሲፋን ሰምታ ስትጨርስ ጉንጯን በስልኩ አየች። "አምጪልኝ" አለች እንደገና።

"ምን ያደርግልሻል? ሮብሳን እኮ ሲያጭሽ ጠይም ነበርሽ። እንደዚያ ሆነሽ ነው የወደደሽ።"

ሲፋን ስልኳን አስቀመጠች።

"ታዲያ ያኔ ለምን ቀባሽኝ?"

ሲፋን መልስ አልጠበቀችም። ነጠላዋን ጎትታ ፊቷን ሸፈነች፤ በማግሥቱ ሮብሳን መጥቶ ስሟን ሲጠራትም አልገለጠችውም።