«በራሳቸው አቋርጠዋል»

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ካርዊን በሩን ከፍቶ ሲገባ እናቱ ካፖርቷን እንደለበሰች ሶፋው ላይ ተቀምጣ ጋዜጣ ታነብ ነበር። ቤቱ ከውጭው ይበርዳል። ማሞቂያውን በእጁ ነካና ከጃኬቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ።

ግሌኒስ ፕሮበርት ወረቀቱን ታውቀዋለች። ሦስት ረቡዕ አምጥቶታል፤ ሦስት ጊዜ ይዞት ተመልሷል። ከፈረመችበት የካርዊን ስም ከእሷ ስም ጎን የባንክ ሂሳቧ ላይ ይገባል፤ የጋዙ ክፍያ በየወሩ ከዚያ በቀጥታ ይቆረጣል፤ እሱም የእናቱን ገንዘብ ካርዲፍ ከተማ ሆኖ ከስልኩ ይከታተላል።

የሰኞውን ሰምቷል ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ግሌኒስ በጋውን ጋዝ አልነካችም፤ ገላዋን የምትታጠበውም ሻይ የምታፈላውም በኤሌክትሪክ ነው። ስለዚህ ከግንቦት ጀምሮ የጋዙን ካርድ አልሞላችም። በዚህ የዌልስ ሸለቆ ካርድ ከሚሞላው ሰው ግማሹ በየዓመቱ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ቆጣሪው ጋዝ ባይነድም የቀን ኪራዩን ይቆጥራል። ሰኞ ብርዱ ሲገባ ጥግ ያለው ሱቅ ሄዳ ለባለሱቁ ለሲቫ ሃያ ፓውንድ ሰጠችው። ቆጣሪው ሃያውን በሙሉ ለበጋው ኪራይ ዋጠው። ማሞቂያው አልነሣም። ተመልሳ ሄደችና፣ ሰው በተሰለፈበት፣ ገንዘቤን ኪስህ ከተሃል አለችው። ሲቫ ሳይቆጣ ደረሰኙን አሳያት። ከሱቁ ሳትወጣ ገባት፤ ዞራም በዚያው ሰልፍ ፊት ይቅርታ ጠየቀችው። ካርዊን ጆሮ የደረሰው ግን የታሪኩ የመጀመሪያ ግማሽ ብቻ ነው። ቆጣሪው ለችግር ጊዜ የሚያበድራት አሥር ፓውንድ ዛሬ ጠዋት አለቀ፤ ጡረታዋ የሚገባው ነገ ነው።

«እማዬ፣ እንደ እኔ ብታደርጊ ይሄ አይደርስብሽም» አላት። «በየወሩ ይቆረጣል፣ እኔ ትዝም አይለኝም። ቤቱ ይሞቃል፣ አለቀ።»

ግሌኒስ ጎረቤቷን ወይዘሮ ቤይነንን አነሣችበት። ከባንክ የሚቆርጠው የጋዝ ድርጅት በግምት ተነሥቶ ወርሃዊውን ከዘጠና ወደ መቶ ዘጠና ከፍ አደረገባት፤ በዚያ ሳምንት የቤት ኪራይዋ ገንዘብ የለም ተብሎ ተመለሰ፤ በትርፍ የተቆረጠባትን መልሳ ያገኘችው ከስንት ወር በኋላ ነው።

«ካርዱ ሲያልቅ ይበርደኛል» አለች። «ግን ለምን እንደበረደኝ አውቃለሁ።»

«አታውቂማ። ሲቫን ሌባ አልሽው እኮ።»

ይሄ ነካት። ዓይኗን ወደ ጋዜጣው መለሰች። እሱ ያንን እሺታ አድርጎ ወሰደውና የጋዝ ድርጅቱ ጋ ደወለ፤ የስልኩን ድምፅ ለሁለቱም እንዲሰማ ከፍቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረው። አንዲት ልጅ አነሣች፤ ጥቂት ፈልጋ ኮምፒውተሯ ላይ ያለውን አነበበችለት።

«ደንበኛዋ ዛሬ ጠዋት በራሳቸው አቋርጠዋል ይላል።»

ካርዊን እናቱን ጣሪያ ላይ ወጥታ ያገኛት ይመስል አያት። «በራስሽ? እማዬ፣ ቆጣሪውን ነካክተሽዋል እንዴ?»

ግሌኒስ ጋዜጣውን አስቀመጠችና ስልኩን አነሣች።

«የኔ ልጅ፣ ግሌኒስ ፕሮበርት ነኝ። ማነው ያቋረጠው?»

ልጅቷ እየተጠነቀቀች አስረዳች፤ የካርድ ሂሳብ ሲያልቅ የሚባለው እንደዚያ ነው፣ ቃሉ ለሁሉም ደንበኛ አንድ ነው።

«ገንዘቡ አለቀ፣ ማሽናችሁ ዘጋ። እኔ ሶፋ ላይ ነበርኩ። አሁን ልጄ እናቴ ለየላት ብሎ ፊቴ ቆሟል። አስተካክይልኝ።»

ቃሉን መቀየር አይቻልም አለች ልጅቷ፤ ማስታወሻ መጻፊያ ግን አለ።

«እንግዲያው እዚያ ጻፊ። ቆጣሪው ዘጋባቸው በይ።»

የመጻፊያው ቁልፎች ሲንኳኩ ተሰማ። ግሌኒስ እስኪያበቃ ጠበቀች። ከዚያ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያብሰለስላት የቆየውን ጠየቀች፤ ከካርዱና በየወሩ ከሚቆረጠው መሀል ሌላ የለም ወይ? ያነደድኩትን፣ ካነደድኩት በኋላ፣ ያለ ግምት?

አለ፤ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ቆጣሪው በወሩ መጨረሻ የነደደውን ይናገራል፣ ሂሳቡ በደብዳቤ ይመጣላታል፤ ካየችው በኋላ ባንኩ ያንኑ ብቻ ይከፍላል። ለመዛወር ሁለት ሳምንት ይፈጃል፤ እስከዚያ ካርዱን መሙላት ነው። ደግሞ ልጅቷ አስጠነቀቀቻት፣ ጥር ላይ ብርዱ ስለሚበረታ ሂሳቡ ይከብዳል።

«ስልሳ ዘጠኝ ጥር አይቻለሁ» አለች ግሌኒስ።

«በጥር ምን ልትሆኚ ነው?» አለ ካርዊን።

«በሐምሌ፣ ጋዝ በማይነድበት፣ አስቀምጣለሁ። ሐምሌ አንዴ አታለለኝ፣ በቃ።»

ልጅቷ ሂሳቡ ላይ የሚመዘገብ ሌላ ሰው እንዳለ ጠየቀች። ካርዊን ጉሮሮውን ጠረገ።

«የለም» አለች ግሌኒስ፣ ዓይኖቹን እያየች። ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተው። እሷ የባንክ ሂሳብ ቁጥሯን ከባንክ ካርዷ ላይ አንድ በአንድ አነበበች።

አንድ ነገር ቀረ፣ አለች ልጅቷ። ከድርጅቱ ነኝ ብሎ በሯን የሚያንኳኳ ሁሉ የሚጠየቀው የምስጢር ቃል ያስፈልጋታል፤ ከእሷ በቀር ማንም ባያውቀው ይመረጣል።

ግሌኒስ ቀና አለች። «ካርዊን፣ ጓሮ ውጣ።»

«እየዘነበ ነው እኮ እማዬ።»

«አይቻለሁ።»

ኮሌታውን ሰብስቦ ወጣ። በሩ እስኪዘጋ ጠበቀች፤ ከመስታወቱ ማዶ ጀርባውን እስኪሰጣት ጠበቀች። ከዚያ ቃሉን ተናገረች። ቃሉ የዌልስ ቋንቋ ነበርና እንግሊዛዊቷ ልጅ አልያዘችውም፤ ይድገሙልኝ አለች።

ግሌኒስ ፊደል በፊደል ደገመችላት።