አላምጥ የምትለው ሴት

ሰው ሲቀበር ከቤቱ የወጣ ይመስለናል፤ ሞኞች ነን! የልብስ ሰፊው ሚስት ካረፈች ሦስተኛ ወሯን ይዛ ነበር። እሱ ግን ምሳውን በጎረሰ ቁጥር ከጀርባው ሆና «አላምጥ!» ትለዋለች።

ሰፊው እግሩን ከስፌት መኪናው መርገጫ ሳያነሳ የሚበላ ሰው ነው። በግራ እጁ ጨርቅ ይዞ በቀኙ ይጎርሳል፤ ሁለቴ አላምጦ ይውጥና ጎንበስ ብሎ ስፌቱን ይቀጥላል። ጨጓራው ሠላሳ ዓመት ታገሠው፣ ከዚያ አመረረ። ሚስቱ በሕይወት ሳለች ያላለችው አልነበረም። «አንተ ሰውዬ፣ ቀና ብለህ ብላ! በርበሬውን ቀንስ! በልተህ ወዲያው አትጋደም፣ ወዲያ ወዲህ በል!» ዝንጅብል አፍልታ፣ ተልባ ዘፍዝፋ አጠገቡ ታስቀምጥለታለች። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ! ብርጭቆው እስከ ማታ የክር ብናኝ ሲለቅም ይውላል።

አንድ ቀን ልቧ ቀጥ አለና ድንገት ሄደች። ድምጿ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

መጀመሪያ ደንግጦ ጣቱን በመርፌ ወጋ። እያደር ግን ነገሩን አጠናው። ድምጿ የሚመጣው ጨጓራው ሲያቃጥለው ብቻ ነው። በርበሬ ያበዛ ቀን ትቆጣዋለች፣ አንዳንዴም ትስቅበታለች። እሱም እየሰፋ ይመልስላታል። ደስ ይለው ነበር፣ ምን ይደበቃል!

አንዲት ሴት ልጁ መክሳቱን አይታ እየጎተተች ሐኪም ቤት ወሰደችው። ሐኪሙም «ቁስለት ነው። መድማት ከጀመረ ቀልድ የለም፤ ሰገራህ ከጠቆረ ዛሬ ነገ ሳትል ና» ብሎ ክኒን አዘዘለት። ልጅቷ ጓዟን ጠቅልላ አባቷ ቤት ገባች። ምግቡን ከመኪናው አርቃ በጠረጴዛ አቀረበች፤ ጥቂት ጥቂት፣ ቶሎ ቶሎ። የአጃ ሾርባ፣ ፓፓያ። ከበላ በኋላ ግቢውን ሦስቴ ታዞረዋለች። የአልጋውን ራስጌ በጡብ ከፍ አደረገችለት። እናቷ በልመና ያቃታትን እሷ በግልምጫ አስፈጸመችው።

በሦስት ሳምንት ቃጠሎው ለቀቀው። ሚስቱም አብራ ጠፋች።

«አለሽ?» ይላል ቀስ ብሎ፣ ማንኪያውን አስቀምጦ። ጭጭ። ሆን ብሎ ሳያላምጥ ዋጠ። ጭጭ! ሁለተኛ የሞተችበት ያህል ሆነ።

ከዚያ ያደረገውን ማን ያምናል? ክኒኖቹን የሚስቱ ካፖርት ገበር ውስጥ እየከተተ በጥሩ ስፌት ይዘጋባቸው ጀመር። በርበሬውን ከቁልፍ ማስቀመጫ ቆርቆሮው ሥር ደበቀ፣ ልጁ ገበያ ስትወጣ ይቅማል። በስድስተኛው ቀን ሆዱ ነደደ፤ «አላምጥ እንጂ፣ ምን ያስቸኩልሃል?» አለችው። እንባው ጨርቁ ላይ ወረደ።

ሰገራው የጠቆረ ዕለትም ሆድ ይፍጀው ብሎ ዝም አለ።

በማግስቱ ልጅቷ ካፖርቱን አየር ላስመታው ብላ ብታነሳው ገበሩ ተንኮሻኮሸ። በጣቷ ዳሰሰችው። ስፌቱን አወቀችው፤ የአባቷን እጅ እንዴት ትሳተው?

«አባዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

መዋሸት ፈለገ፣ ሆዱ ግን አጠፈው። «ስድን እናትሽ ትሄድብኛለች» አለ። «ስታመም ነው የምትመጣው። ሰገራዬም ጠቁሯል።»

አብደሃል ትለኛለች ብሎ ጠበቀ። ልጅቷ ካፖርቱን እንዳቀፈች ወለሉ ላይ ቁጭ አለች።

«ስታወራት እሰማሃለሁ» አለች። «በየቀኑ በሩ ሥር ቆሜ ጆሮዬን እደቅናለሁ። አንድ ቀን ስሜን ትጠራ ይሆናል እያልኩ። የአንተ ድምፅ ብቻ ነው የሚሰማኝ። ለእኔ መጥታ አታውቅም፣ አባዬ። አንተም ከሄድክ እኔ ማንን ልሰማ ነው?»

ሰፊው አፈረ። በዚህ ቤት ያዘነ ሰው እሱ ብቻ መስሎት ነበር። ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሳ፣ ጫማውን አጠለቀ።

«ተነሺ ልጄ፣ ሐኪም ቤት እንሂድ።»

ደጃፉ ላይ ሲደርሱ ቃጠሎው እስከ ደረቱ ወጣ።

«ወዴት ነው?» አለችው ሚስቱ ከኋላው። በሕይወቷ እንኳ እንዲህ ለስለስ ብላ አናግራው አታውቅም። «ትተኸኝ ነው?»

የልጁን ክንድ አጥብቆ ያዘና ዞር ሳይል በሩን ዘጋው።