የኡዋይስ ሸሚዝ

ወንድሜ ኡዋይስ በኮሮና በሞተ ጊዜ፣ ዕድሜዋን በለንደን የቲያትር መድረኮች ያሳለፈችው እንግሊዛዊት ጎረቤታችን ሄለን፣ ካምዎክያ በሚባለው ሰፈር ወዳለው ቤታችን ለቅሶ መጣች። እናቴ የኡዋይስን ሸሚዝ ስታጥፍ፣ ስትዘረጋና ኮሌታውን ስታሸት፣ ሄለን ከጎኗ ተቀምጣ ታያት ነበር። እናቴም መረቀቻት።

ቲያትር ቤቶች ሲከፈቱ ሄለን ጋበዘችን። «ጥበብ ሐዘንን ያከብራል» ብዬ እናቴን ያሳመንኳት እኔ ነኝ። ሄለን ልጇ የሞተባትን እናት ሆና ወጣች። ሸሚዝ አጠፈች፣ ዘረጋች፣ ኮሌታውን አሸተተች። ተመልካቹ ቆሞ አጨበጨበ፤ እናቴ ግን ክንዴን ጨምድዳ ያዘች።

ትርኢቱ ሲያበቃ ሄለን ፊቷ እያበራ ወደ እኛ መጣች።

«እንዲህ ተውኜ አላውቅም! ከእናትሽ እንደተማርኩት ንገሪያት።»

ለእናቴ ተረጎምኩላት።

«ያለቀሰችለት ልጅ ስሙ ማን ነው በያት» አለች እናቴ።

ሄለን ፈገግ አለች። «በድርሰቱ ውስጥ ስም አልተሰጠውም።»

«የእኔ ልጅ ስም አለው። ይቺ ሌባ ሁለተኛ ደጃፌን እንዳትረግጥ!»

በሁለቱ መካከል ስተረጉም ሁልጊዜ ቃል አለዝብ ነበር። ያን ቀን «ሌባ» የሚለውን እንኳ ሳላስቀር፣ ዓይኗን እያየሁ ነገርኳት።