ጥቁር ሰማያዊው እጅጌ

ሄስተር ኦለረንሾ የመቀሱን ጫፍ ብብቱ ስር ባለው ስፌት አስገብታ የመጀመሪያውን ክር በጠሰች። አሮጌው ቀሚስ የማዕድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ በደረቱ ተደፍቷል። ጥቁር ሰማያዊ ነው፤ ነጫጭ ነጠብጣቦቹ ከዚያ ሁሉ ዓመት እጥበት በኋላም አልደበዘዙም።

"እግዜር ይይልሽ፣" አለች ጎረቤቷ ግሌኒስ፣ የሻይ ኩባያዋን በሁለት እጇ እንደያዘች። "ሮይ ጡረታ የወጣ ዕለት የለበስሽው እኮ ነው። ያ ደረቅ ባልሽ እንኳ ያንን ቀሚስ አይቶ ነው ለዳንስ የተነሣው።"

"አውቃለሁ።"

"ታዲያ አሁን እንዲህ መቀስ ታነሺበት..."

"ግሌኒስ፣ ሻይሽ ቀዘቀዘ።"

ግሌኒስ በወጣትነቷ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጭ ነበረች፤ ዝም በይ ስትባል የምትሰማው ግማሹን ብቻ ነው። ሄስተር ግን አልተናደደችባትም። ዛሬ ንዴቷን የምታባክንበት ጊዜ አልነበራትም፤ ሁሉንም ለአንድ ሰው ቆጥባዋለች።

ከአሮጌው ቀሚስ አጠገብ አዲሱ ተዘርግቷል። እርድ የመሰለ ቢጫ፣ ስስ፣ ገበር የሌለው፣ እጅጌ የሌለው። ሁለቱም የታርንብሩክ ናቸው። የኬንዳል ከተማ ሴት ሁሉ የትምህርት ቤት ቀሚሷንም፣ የመጀመሪያ የጡት መያዣዋንም፣ የቀብር ልብሷንም የገዛችው ከዚያ ሱቅ ነው። ሄስተርን መጀመሪያ እጇን ይዛ ያስገባቻት እናቷ ነበረች። አሁን ግን መደርደሪያው ተራ በተራ ፊቱን አዞረባቸው። መጀመሪያ ገበር ያለው የሱፍ ጉርድ ጠፋ። ከዚያ እስከ አንገት የሚቆለፈው የሌሊት ልብስ። ማንም ቀረ ብሎ አልነገራቸውም፤ አንድ ቀን ሲሄዱ ቦታው ላይ እምብርት የሚያሳይ ሹራብ ተሰቅሎ አገኙ። በመጨረሻ እጅጌ ጠፋ።

ያለ እጅጌ ሄስተር ልብስ የላትም። ልጅዋ ገና በእቅፍ ሳለች የድንች መጥበሻው ዘይት በእሳት ተያያዘና ግራ ክንዷን ከትከሻዋ እስከ ክርኗ በላው። ቆዳው ሲድን እንደ ቀለጠ ሻማ ተኮማትሮ ነው የቀረው። ከሮይና ከግሌኒስ፣ ከሐኪሞችም በቀር ያየው የለም። ባሕር ዳር እንኳ ሸሚዝ ለብሳ ነበር የምትዋኘው። ታርንብሩክ ባያውቀውም ያንን ክንድ ዕድሜዋን ሙሉ ሸፍኖላታል።

ባለፈው ወር ያንን ቢጫ ቀሚስ አንሥታ እጅጌ ያለው እንዳለ የሱቁን ሥራ አስኪያጅ፣ ታምሲን ክሮልን ጠይቃት ነበር።

"ሄስተር፣ የኔ ቆንጆ፣" አለቻት ታምሲን። ስሟን ያገኘችው ከደንበኝነት ካርዷ ላይ ነው፤ በልጇ ዕድሜ ያለች ሴት አንቱታውን እዚያው ካርዱ ላይ ትታው መጣች። "አሁን ማን እጅጌ ይለብሳል? ክንድሽን አየር አስመቺው እንጂ! እስቲ ለክተሽ እዪው።"

ሄስተር ለመለካት ገባች። መጋረጃውን ስትዘጋ ሌላ ድምፅ፣ የሻጯ መሆኑ ነው፣ "ዛሬም እጅጌ?" ሲል ሰማች። ታምሲንም እየሳቀች፣

"ምን ታረጊዋለሽ። እነዚህ አሮጊቶች እስኪያልቁ ድረስ መታገሥ ነው።"

እስኪያልቁ። እንደ ዕቃ። መጋዘን ውስጥ እንደ ቀረ፣ ዋጋው ተቀንሶ በሩ አጠገብ እንደ ተቆለለ ነገር። ሄስተር ቀሚሱን ወደ መስቀያው መለሰች፣ አመሰገነችና ወጣች። በአውቶቡስ ውስጥ እስከ ቤቷ ድረስ ያቺን ቃል አላመጠቻት፤ አልዋጠቻትም፣ አልተፋቻትምም።

ከዚያ ስልክ ተደወለ። ሱቁ የምሥረታ በዓሉን ሊያከብር ነው፤ የቆዩ ደንበኞች አዲሱን የበጋ ልብስ ለብሰው በሰው ፊት ቢታዩለት ይወዳል። "አንቺማ መቅረት የለብሽም!" አለቻት ታምሲን። ሄስተር ሳትውል ሳታድር እሺ አለች። ቀሚሱን ቤት ድረስ ላኩላት።

"ለምን እንዲህ አላላሽው?" አለች አሁን ግሌኒስ መርፌውን እያየች። ሄስተር ጥቁር ሰማያዊውን እጅጌ ቢጫው ቀሚስ ላይ በረጃጅም የመርፌ እርምጃ ትሰፋው ነበር። "ልጅ የሰፋው ነው የሚመስለው።"

"ማታ ወደ ቦታው ስለሚመለስ። የሮይን ቀሚስ ገደልኩት አልኩሽ? እጅጌውን ነው ያዋስኩት። ክሩን ጫፉን ይዘሽ ብትስቢው ሁሉም ይመጣል።"

ግሌኒስ ቀሚሱን ከፍ አድርጋ አየችው። ቢጫው ላይ ሁለቱ ጥቁር ሰማያዊ እጅጌዎች ከነነጠብጣባቸው ተንጠልጥለዋል። ሳቋ ሻዩን አስረጫት።

"እናቴ ድረሺ! ንብ ልትመስዪ ነው!"

"ንብ ምን እንደምታደርግ ታውቂያለሽ፣" አለች ሄስተር።

ታርንብሩክ ላይኛው ፎቅ ወንበር ተደርድሯል፤ ሻይና ስኮን የሚባለው ትንሽ ጣፋጭ ዳቦ ቀርቧል። ከኬንዳልና ከዙሪያው መንደር የመጡ ሴቶች እርጥብ ጃንጥላቸውን እግራቸው ሥር አድርገው ተቀምጠዋል። ከላይ አንድ ሰፊ ጨርቅ ተሰቅሏል፤ "ታርንብሩክ፦ ለእያንዳንዷ ሴት" ይላል። ፊት ወንበር ላይ ከሱቁ ዋና መሥሪያ ቤት የመጣው ሚስተር ሉድሎ ተቀምጧል። የከተማው ጋዜጣ ፎቶ አንሺ ካሜራውን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ስኮን ይበላል።

"ሄስተር! የኔ ቆንጆ!" ታምሲን መጋረጃው ጀርባ ተቀበለቻት። "ኮትሽን አውልቂያ፣ ልይሽ!"

"ትንሽ በርዶኛል። ስወጣ ባወልቀው ቅር ይልዎታል?"

"ኧረ እንደፈለግሽ። ብቻ ሳቅ በይ፣ እሺ? ክንድሽን ወዲህ ወዲያ እያደረግሽ።"

"አሳይዎታለሁ፣" አለች ሄስተር።

ተራዋ ሲደርስ ታምሲን ማይክራፎኑን ይዛ የማስታወሻ ካርዷን ታነብ ነበር። "ሄስተር ዕድሜ ልኳን ታርንብሩክን ወዳ የኖረች ናት። ዛሬ የለበሰችልን ቀላሉን፣ ነፃውን፣ ክንድን ለፀሐይ የሚሰጠውን..."

ሄስተር መሐል ላይ ደርሳ ኮቷን አወለቀች።

ቀጥሎ ከኋላ ወንበር የግሌኒስ ሳቅ ፈነዳ፤ አውቶቡሱን ሙሉ ያነቃ የነበረው ሳቅ። ሌሎቹም ተከተሉ። ሄስተር ጠብቃ፣ ማይክራፎኑን ከታምሲን እጅ በትሕትና ወሰደችው።

"ቀሚሱ የዘንድሮ ነው። ዝቅ ብላችሁ እዩት፤ ዘርፉ ገና ሳልለብሰው ተተርትሯል። እጅጌው ደግሞ ባለቤቴ ጡረታ ሲወጣ ከዚሁ ሱቅ፣ ከዚሁ ፎቅ የገዛሁት ነው። እስካሁን አንድ ክር አላመለጠውም። እኔ የጠየቅሁት እጅጌ ነው። የአልማዝ አክሊል አይደለም።"

"እውነቷን ነው!" አለች አንዲት ሴት። "ይሄን ብብቴን ለማን ላሳየው ነው?"

"ለሚስተር ሉድሎ!" ጮኸች ግሌኒስ። "ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው!"

ሳቁ ጣሪያውን ነካ። ሄስተር ግን አልሳቀችም፤ ዐይኗ ታምሲን ላይ ነበር። ቅላቱ ከአንገቷ ተነሥቶ ወደ ጆሮዎቿ ሲወጣ እያንዳንዱን ደረጃ ተመለከተችው። ደስ አላት። ሊያሳፍራት የሚገባ ደስታ መሆኑ ታያት፤ አላሳፈራትም።

"አንድ ነገር ልጨምር። ሥራ አስኪያጇ እኛ እስክናልቅ ድረስ እየታገሡ መሆኑን በመጋረጃ ውስጥ ሆኜ ሰምቻለሁ።" ወደ ታምሲን ዞረች። "አላለቅንም።"

አንዲት ሴትዮ ኩባያዋን ማስቀመጫው ላይ አኖረች፤ ድምፁ ተሰማ። ሄስተር ቤቷ ሆና ያሰበችው እስከዚህ ነበር። ከዚህ በኋላ ኮቷን ለብሳ ልትሄድ ነበር።

ሚስተር ሉድሎ ግን ብድግ ብሎ ያጨበጭብ ጀመር።

"ድንቅ! እንዴት ያለ ሐሳብ ነው!" አለ፣ ነገሩ ሁሉ ለእሱ የተዘጋጀ ቀልድ ይመስል። "የእናት እጅጌ በልጅ ቀሚስ ላይ! ይህ ሁሉ ዓመት ያልተበጠሰ ክር! እመቤቴ፣ እርስዎ እኮ የእኛን ታሪክ ነው የለበሱት። መስኮት ላይ እናወጣዋለን። ታምሲን፣ አንቺ ነሽ ያሰብሽው?"

ታምሲን አፏን ከፈተች። ሄስተር እውነቱ ሲመጣ አየችው፤ ጉሮሮዋ ድረስ ደርሶ ተመልሶ ሲወርድም አየችው።

"ከሄስተር ጋር ነው ያሰብነው፣" አለች ታምሲን። "የ'አላለቅንም'ን ነገርም። እሷ ጨዋታ አዋቂ ናት።" መጥታም ወገቧን አቀፈቻት። "የኔ ቆንጆ፣ ወደ ካሜራው።"

ሴቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ጨዋታ ነበር ማለት ነው? አንዳንዶቹ ማጨብጨብ ጀመሩ። ፎቶ አንሺው የስኮኑን ፍርፋሪ ከሸሚዙ አራግፎ ካሜራውን አነሣ።

ሄስተር የታምሲን ጣቶች ወገቧ ላይ ተሰማት። ነገ ጋዜጣው ላይ እንደዚህ ተቃቅፈው ይወጣሉ። ከነገ ወዲያ የሮይ ነጠብጣብ በመስኮቱ ላይ ይሰቀላል፤ ከሥሩ ዋጋ ይጻፍበታል። ለስድብ ያመጣችውን ሊሸጡት ነው።

ከታምሲን እጅ ቀስ ብላ ወጣች። ቀኝ ትከሻዋ ላይ የክሩን ጫፍ ፈለገችና ሳበችው። የስፌቱ እርምጃ ረጅም ስለሆነ ክሩ ያለ ምንም ድምፅ መጣ፤ እጅጌው ክርኗን አልፎ ወረደ። ቀኙ ቀላል ነበር። እንደማንኛዋም አሮጊት ክንድ ነው።

"ሄስተር፣ ምን እያደረግሽ ነው?" አለች ታምሲን፣ ሳቋ ፊቷ ላይ እንደ ደረቀ።

የሄስተር እጅ ወደ ግራው ትከሻ ሄዶ ክሩ ላይ ቆመ። ከኋላ ግሌኒስ፣ ያቺ ድምፀ ትልቅ፣ በሹክሹክታ፣ "ተይው፣ ሄስ። ይበቃል፣" አለች። ሄስተር ሰማቻት። ኮቷ ወንበሩ ላይ ነበር፤ እጇን ብትዘረጋ ትደርስበታለች።

ክሩን ሳበችው።

ሚስተር ሉድሎ ማጨብጨቡን ትቶ እጆቹን የት እንደሚያደርጋቸው ጠፋው። የተኮማተረው ቆዳ በሱቁ ነጭ መብራት ሥር ያብለጨልጭ ነበር፤ ከቢጫው ቀሚስ አጠገብ ይበልጥ ቀላ። ሄስተር ሁለቱን እጅጌዎች ደራርባ አጠፈችና ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

"እጅጌው የእኔ ነው፣" አለች። "ቀሚሱ ግን የእናንተ ነው። የምትሸጡት ይኸው ነው፤ ለብሼ አሳየሁላችሁ።"

ታምሲን ተጠጋች። ድምፅዋ ከማይክራፎኑ ርቆ ትንሽ ሆኗል። "ወይዘሮ ኦለረንሾ... አላወቅሁም። እባክዎ፣ ኮትዎን ላቀብልዎ።"

"ተይው። ክንዴን አየር ላስመታው።"

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ወደ ደረቱ ዝቅ አድርጎ ነበር። ወጣት ነው፤ የት ማየት እንዳለበት ስላላወቀ ዐይኑን ዐይኗ ላይ ተከለ። "እመቤት፣ እኔ... ፎቶውን ልተወው?"

ሄስተር ቀና ብላ የተሰቀለውን ጨርቅ አየች። ከቆመችበት ሆና ጽሑፉ በግማሹ ብቻ ነበር የሚታየው። ወደ ጎን ፈቀቅ አለች፤ ከዚያ ዳግመኛ ትንሽ ፈቀቅ አለች፤ "ለእያንዳንዷ ሴት" የሚለው ሙሉ በሙሉ ከራሷ በላይ እስኪሆን ድረስ። ግራ ትከሻዋን ወደ ካሜራው መለሰች።

"አንሳ፣ ልጄ፣" አለችው። "ብቻ ክንዴን ከፎቶው እንዳትቆርጠው።"