ስድስትና ዘጠኝ

ሃያ ሁለት ዓመት ጂኦግራፊ ያስተማረ ሰው ዕቃ መለየት ያቅተዋል ብዬ በሕልሜም አላሰብኩም። ትምህርት ቤታችን ተዘግቶ ቤት ከዋልኩ በኋላ፣ ለበዓል ሰሞን ጊዜያዊ ሠራተኛ የሚፈልግ የዕቃ ማድረሻ ድርጅት ቀጠረኝ። ለባለቤቴ «ዓለምን በካርታ የማውቅ ሰው፣ አሥር ሰፈር መለየት ያቅተኛል እንዴ!» አልኳት።

«ብቻ መነጽርህን እንዳትረሳ» አለችኝ።

አልረሳሁትም፤ ሆን ብዬ ተውኩት። በእነዚያ ጎረምሶች መሃል ሽማግሌ መምሰል አልፈለግሁም። መላጣዬን የት እንደምደብቅ ግን አላሰብኩበትም።

ሥራው ቀላል ነው፤ ለሌላ ሰው። በሞተር የሚዞረው የዕቃ ማመላለሻ ቀበቶ ጥቅሎቹን እያንሸራተተ ያመጣል፣ እኔ የሰፈሩን ቁጥር አይቼ ባለጎማ የብረት ሣጥን ውስጥ እከታለሁ። በበዓል ሰሞን ግን ቀበቶው ያብዳል። አንዱን ሳነሳ ሦስቱ ያልፉኛል። የመጀመሪያውን ቀን በአንድ እጄ ዕቃ፣ በሌላው የሚወርድ ሱሪዬን ይዤ ዋልኩ።

በአራተኛው ቀን፣ ከሩቅ በፉጨት ስለምትጠራን «ፉጨት» የምንላት አለቃችን አንድ ካርቶን ይዛ መጣች።

«ቲቸር፣ ይሄ ስንት ቁጥር ነው?»

«ዘጠኝ።»

ገለበጠችው። «አሁንስ?»

«ስድስት» አልኩ።

«ከቁጥሩ ሥር ያለችው መስመር አትታይህም?»

«የቱ መስመር?»

የሰፈር ስድስት የሆኑ አርባ አንድ ጥቅሎች ሰፈር ዘጠኝ ገብተዋል። የሁለቱ ሰፈሮች የጎዳናና የቤት ቁጥር ተመሳሳይ ስለሆነ፣ ሹፌሮቹም በጥድፊያ ስም ሳያዩ በየበሩ ጥለዋቸው ሄደዋል። ቅጣቴ ታወቀ፤ በእረፍት ቀኔ ከሹፌሩ ጋር እየዞርኩ መሰብሰብ።

አርባውን ይቅርታ እየጠየቅሁ ሰበሰብኩ። የመጨረሻውን በር የከፈቱልኝ አንድ አዛውንት ናቸው። አናታቸው ላይ አበባ የተሰፋበት ሰፊ ቀይ የሴት ባርኔጣ ደፍተዋል።

«አባባ፣ ይሄ ባርኔጣ...»

«ልጄ ናት የላከችልኝ!» አሉ ፊታቸው እየበራ። «ሩቅ አገር ነው ያለችው። ሦስት ቀኔ፣ ከራሴ አላወረድኩትም።»

«የሌላ ሰው ነው፣ አባባ። ካርቶኑ ላይ ስም አለ።»

«እኔ ስሙን ሳላይ ነው የከፈትኩት፤ እስቲ አንብበው።»

ካርቶኑን አራቅሁት፣ አቀረብኩት፣ ወደ መስኮት ወሰድኩት። ምንም። አዛውንቱ ሳቃቸውን እየታገሉ የራሳቸውን መነጽር አውልቀው ሰጡኝ። የማላውቃት ሴት ስም ቁልጭ ብሎ ታየኝ። አነበብኩላቸው።

 ባርኔጣውን አወረዱና አቧራ ሳይኖርበት አራገፉት። አርባ አንድ ጥቅል ያለ ቦታው ከመክተቴ ይልቅ ያቺን አንዲት ስም ማንበቤ አንገበገበኝ።

«የእኔ ጥፋት ነው» አልኳቸው። «ስድስትን ዘጠኝ ያልኩት እኔ ነኝ። ለምን አይደውሉላትም?»

«ደውዬ ምን ልበላት?»

«ሦስት ቀን ሙሉ የሴት ባርኔጣ አድርጌ ዋልኩ ይበሏት።»

ትንሽ አመነቱና ደወሉ። እንዳልኳቸው ሲነግሯት ከስልኩ ውስጥ የሴት ሳቅ ፈነዳ። እሳቸውም አብረው ሳቁ፣ ከዚያ ተቀመጡና ወሬውን ያዙት። «አንድ ደንቆሮ ሠራተኛ...» ሲሉ ሰማሁ። መነጽሩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ ባርኔጣውን ይዤ በእግሬ ጣቶች ጫፍ እየተራመድኩ ወጣሁ። ሹፌሩ ጥሩምባውን ሊያፈነዳው ደርሷል።

የባርኔጣው ባለቤት ከእኛ ስትረከብ አሸተተችው።

«ትምባሆ ትምባሆ ይላል።»

«የፋብሪካ ሽታ ነው» አልኩ። ሹፌሩ ፊቱን አዞረ።

በማግስቱ ፉጨት ቁጥር የማይነበብበት ቦታ መደበችኝ፤ ባዶ ካርቶን ማጠፍ። በዓሉ እስኪያልፍ አጠፍኩ። ለባለቤቴ ግን «እድገት አገኘሁ፤ የማሸጊያ ክፍል ኃላፊ ሆንኩ» አልኳት።

«ጎሽ! ስንት ሰው ነው ከሥርህ ያለው?» ስትለኝ ግን ሳል ያዘኝ።