ሊፍቱ የሚከፈትበት ክፍል

እኔ መስመር አልስትም። ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ለጉራም ቢሆን ግድ የለኝም። ሥራዬ የልብስ ማጠቢያ ማሽን ንድፍ ማውጣት ነው። በአሜሪካዋ ራሲን ከተማ ውስጥ የእኔን ንድፍ ይዞ መጥቶ “ላቮን፣ ይህቺ አትገጥምም” ያለኝ ሰው እስከዚያች ቅዳሜ ድረስ አልነበረም።

ቅዳሜ ከሰዓት የጎርዲ ምድር ቤት ተሰብስበን በጠረጴዛ ጨዋታ ሕዋ ለሕዋ እንዞራለን። ጎርዲ አጫዋች ነው፤ ታሪኩን እሱ ይተርካል። እኛ እያንዳንዳችን አንድ ሰው ሆነን “እንዲህ አደርጋለሁ” እንላለን፤ መሳካት አለመሳካቱን የምንጥለው ዳይስ ይወስናል። ዴኒስ ካፒቴን ናት፤ እኔ የሞተር ኃላፊ ነኝ፤ ዋልት ሐኪም ነው። የምንበርባት መንኮራኩር ግን ለረጅም ጊዜ በአፍ ብቻ የምትኖር ነበረች። አንድ ቀን ዴኒስ “በኋላ በር አመልጣለሁ” ስትል ጎርዲ “የኋላ በር የላትም” አላትና ተጣሉ። እኔም ንድድ ብሎኝ “እኔ እነድፋታለሁ! ከዚያ ወዲያ ወረቀት ላይ ያለው አለ፤ የሌለው የለም!” አልኩ።

የገና ዕረፍቴን በሙሉ ለእሷ ሰጠሁ። አራት ወለል፣ አራት ባለ ካሬ ወረቀት፤ አንዱ ካሬ አምስት ጫማ። የውሃ ጋኑን፣ ወጥ ቤቱን፣ ቃሬዛ የያዙ ሰዎች የሚተላለፉበትን ኮሪደር፣ ሁሉን አሰብኩበት። ስሟን “ግትሯ” አልኳት። ዴኒስ በማን እንደወጣች ለመገመት አልተቸገረችም።

ወረቀቶቹን ጠረጴዛው ላይ ስዘረጋ መጀመሪያ የጠየቀችኝም እሷ ናት።

“ሽንት ቤቱስ? የጨዋታ መንኮራኩሮች እኮ ሽንት ቤት የላቸውም።”

“ሁለት አለ። አንዱ ላንቺ ብቻ ነው፤ አንዴ ከገባሽ ስለማትወጪ።”

“እስቲ እንሞክራት” አለ ጎርዲ። “ላቮን፣ ታች ሞተር ክፍል ነሽ። ካፒቴኗ ትፈልግሻለች።”

“በሊፍት ሦስተኛ ወለል እወጣለሁ፤ ከኮሪደሩ ደግሞ በመሰላል እሷ ጋ።”

ጎርዲ ወረቀቶቹን ደራርቦ ወደ አምፖሉ አነሳቸው። ቆየ። “ሊፍቱ ተከፈተ” አለ። “የዋልት አልጋ እግርጌ።”

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ሦስተኛውን ወለል ለብቻው ስሠራ ግራና ቀኙን ገልብጬው ኖሯል፤ ሊፍቱ ኮሪደሩ ላይ መከፈቱ ቀርቶ አራተኛው መኝታ ክፍል፣ የዋልት ክፍል ውስጥ ገብቶ ቁጭ ብሏል።

“ዋልት፣ ፒጃማህን ጠበቅ አድርገህ ተኛ!” አለች ዴኒስ፤ ሳቅ አፈናት።

“ሆን ብዬ ነው” አልኩ። “ላጲስ አቀብሉኝ።”

“ላጲስ የለም። ወረቀት ላይ ያለው አለ” አለ ጎርዲ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ ጎርዲ ደግሞ ሁለቱንም ነው።

ሁላችንም ወደ ዋልት ዞርን። ዋልት የትራክተር ፋብሪካ ጡረተኛ ነው። ሚስቱ በርኒስ ባለፈው ጸደይ ከሞተችበት ወዲህ ሆድ ይፍጀው ብሎ አፉን ዘግቷል፤ ጎርዲ የድሮ ወዳጁ ስለሆነ ጎትጉቶ ነው የሚያመጣው። ፔርሙሱን ታቅፎ ይቀመጣል፤ ተራው ሲደርስ ዳይሱን ይጥላል፤ በቃ።

“ይለፉ” አለ። “እኔን ምን ቸገረኝ።”

እናም ማለፍ ጀመርን። ከታች ወደ ላይ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሌላ መንገድ የለም። ሰው ክፍል ውስጥ ዝም ተብሎ አይገባምና ዴኒስ ሁልጊዜ “ዋልት፣ ተኝተሃል? እያለፍኩ ነው” ትለዋለች። እሱም “እለፊ” ይላል። አንድ ቅዳሜ ግን ቀና ብሎ “ጫማሽን አውልቂ! አሁን ነው ወለሉን የወለወልኩት” አላት። ዴኒስ የክሪንግል ኬኳን እንደጎረሰች ደርቃ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ ማን ያስቁመው? ወንበር አስነደፈኝ። ቀጥሎ ምድጃ፤ ቀጥሎ ሁለተኛ ወንበር። “እኔ ክፍል ገብቶ ሳይቀመጥ የሚያልፍ የለም” ብሎ ሕግ አወጣ። የማረክነውን ሽፍታ ወደ ካፒቴኗ ስንወስደው እንኳ አስቀምጦ ሾርባ አቀረበለት፤ ሽፍታውም ሆዱ ሲሞላ የጓደኞቹን መደበቂያ ዘረገፈው።

“ለወር ያዘጋጀሁትን የምርመራ ታሪክ በአንድ ሳህን ሾርባ ጨረሰብኝ!” እያለ ጎርዲ ፀጉሩን ነጨ። ዋልት ሳቀ። ሲስቅ ያየሁት ገና ያን ጊዜ ነው።

በዚህ መሃል ንድፉን ቺካጎ ላለ የጨዋታ መጽሐፍ አሳታሚ ልኬው ነበር። ፌልድማን የሚባለው አዘጋጅ ደወለልኝ።

“ወይዘሮ ሹልትስ፣ ከደረሱን ሁሉ የእርስዎ ትበልጣለች። ከነስምዎ ሽፋኑ ላይ እናወጣታለን። ብቻ ሊፍቱ መኝታ ክፍል ውስጥ ይከፈታል። አንባቢ ይስቅብናል። በሚቀጥለው ሰኞ እደውላለሁ፤ ካልተስተካከለ ቦታውን ለሌላ ለመስጠት እገደዳለሁ።”

ስሜ! የማጠቢያ ማሽኖቹ ላይ የሚጻፈው የፋብሪካው ስም ነው፤ የእኔን ስም የተሸከመ አንድም ነገር በዓለም ላይ የለም። ያን ቀን ምሳ እንኳ ሳልበላ ሦስተኛውን ወለል እንደገና ሠራሁት። ሊፍቱ ኮሪደሩ ላይ ተከፈተ፤ አራተኛው ክፍል አራቱም ግድግዳው ተዘጋ። እንዴት አማረች!

ቅዳሜ ይዣት ሄድኩ። ዴኒስ ዘላ አቀፈችኝ። ጎርዲም “መጽሐፍ ላይ የምትወጣው ናት እንግዲህ እውነተኛዋ። ከዛሬ ጀምሮ በዚችኛዋ ነው የምንጫወተው” አለ።

ዋልት መነጽሩን አድርጎ አያት። ወንበሮቹም ምድጃውም እንዳሉ ናቸው፤ አልነካኋቸውም። “ልክ ነች” አለ። “አሁን ልክ ሆናለች።” ከዚያ ፔርሙሱን ከደነ። “ዛሬ ቶሎ ልግባ።”

ተከትዬው ወጣሁ። ከተማችን ዳር ካለው ሐይቅ የሚመጣው ነፋስ ፊት ይገርፋል። ዋልት ከመኪናው መስታወት ላይ በረዶውን በእጅጌው ይጠርጋል።

“ምን ሆነሃል?”

“ምንም።”

“እኔን አትሸውደኝ፣ ዋልት።”

መጥረጉን ሳያቆም ነው የነገረኝ። “በርኒስ ከሄደች ወዲህ እኔ ካልከፈትኩት የቤቴ በር ተከፍቶ አያውቅም። ቅዳሜ ግን አንድ ሰው ይገባና ‘ዋልት፣ ተኝተሃል?’ ይለኛል። ይኸው ነው። ሞኝነት መሆኑን አውቃለሁ። አንቺ አሳትሚያት፤ ይገባሻል።”

አንጀቴን በላው። በራሴ ደግሞ ተናደድኩ፤ ያን ግድግዳ የዘጋሁት በገዛ ማስመሪያዬ ነው። አንዷን ለመጽሐፍ፣ ሌላዋን ለጠረጴዛ ማድረግ እችል ይሆናል። ግን ዋልት የተዘጋባትን መንኮራኩር “ግትሯ” ብዬ ስሜን አላኖርባትም።

ሰኞ ፌልድማን ደወለ።

“ማስተካከያው ደረሰ፣ ወይዘሮ ሹልትስ?”

“ማስተካከያ የለም። ሊፍቱ እነበረበት ይቆያል።”

ክፉ ሰው አይደለም፤ ሊረዳኝ እየፈለገ ነው። “እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። ሊፍቱን አይንኩት። አልጋውንና ወንበሮቹን አውጥተው አራተኛውን ክፍል ባዶ መጋዘን ይበሉት፤ ነገ ማተሚያ ቤት ትገባለች። አንድ ክፍል ነው፤ ምን ይጎድልብናል?”

“አይሆንም” አልኩት። “ሰው አለበት።”